ከዜሮ ፊት የጻፍኩት አንድ

ቁጥር አላምንም። በሬዲዮ «ከመቶ ይህን ያህሉ ሕዝብ» የሚል ነገር ስሰማ ሬዲዮውን እዘጋለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ጥናት እኮ ነው» ትለኛለች። ጥናት ይሁን። እኔ የምጠይቀው እስክሪብቶውን ማን ይዞት እንደነበረና ሰውየው ማንን ይፈራ እንደነበረ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አንድ ጊዜ እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ የፈራሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በያዘበት ሰሞን። ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከጎፋ ጀርባ ተነስቶ ወደ ሀና ማርያም በሚዘልቅ ቀበሌ እኖር ነበር። ሥራዬ ድንጋይ መጥረብ ነው። ለቡ በኩል ካለው የድንጋይ ማውጫ ካባ የሚወጣውን ጥቁር ድንጋይ ለመሠረትና ለአጥር አስተካክላለሁ። አርባ ልደፍን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ የማውቀው የመዶሻና የመሮ ነገር ነው፤ ለፊርማ የምሰጠው አውራ ጣቴን ነበር።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ታደለች ትባላለች። ከወላይታ የመጣች፣ ባሏ ክር ፋብሪካ የሚሠራ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ነበረች። ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ታስተምረናለች። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነች መንገድ ላይ «አንቺ» እላታለሁ፤ ክፍል ውስጥ ግን «አንቱ» ነበር የምላት። ማንም አላዘዘኝም። እርሳስ በእጄ ላይ ስሰብር፣ አንዱን ሰብሬ ሌላውን ስሰብር፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቷ ሳይከፋ «ጋሽ ደምሴ፣ ቀስ ይበሉ፣ ድንጋይ አይደለም» ትለኝ ነበር። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት። ስም ያልተጻፈበት ወረቀት አታርምም። «የማን እንደሆነ ካላወቅኩ ለማን ልመልሰው?» ብላ ወደ ጎን ታደርገዋለች። እኔ ሁለት ጊዜ እንደዚያ ተደርጎብኛል። ሦስተኛ አልተደገመብኝም።

ጴንጤ ናት። እውነቱን ልናገርና፣ ጴንጤ አልወድም ነበር። ያኔ ጸሎት ቤቶቻቸው ተዘግተው ነበር፤ ሰው ቤት ተሰብስበው እንደሚዘምሩ ግን ሁላችንም እናውቃለን። እናውቃለን እንጂ አንናገርም። ከሷ ቤት ጣሪያ ሥር እሁድ ከሰዓት የሚንቆረቆር የአኮርዲዮን ድምፅ እየሰማሁ «የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ሙዚቃ የሚወድ ባል» እል ነበር ለራሴ። ሰው ማወቅ የማይፈልገውን እንዴት እንደማያውቅ ያ ዘመን አስተምሮናል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አዳራሽ ተጠራን። ከላይ የመጣ፣ መስፍን የሚባል፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ባለሙያ ቆሞ ነበር።

«ጓዶች» አለ፣ «አገራችን የእርሻ ዕቅድ አላት፣ የፋብሪካ ዕቅድ አላት። የባህል ዕቅዳችን ግን እስከ ዛሬ በግምት ነው የሚወጣው። አዳራሽ የት ይሠራ? የሙዚቃ መሣሪያ ለየትኛው ቀበሌ ይሰጥ? መጽሐፍ የት ይላክ? ይህን የሚያሳየን ቁጥር ነው። በስንት ቤት ክራር አለ? ስንት ሰው ያነባል? ስንት ሰው ተሰብስቦ ያዜማል? እነዚህን አመልካቾች ካገኘን ባህልም እንደ ስንዴ ይታቀዳል።»

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ክራሩን ሊወስዱት ነው» ብሎ ሹክ አለኝ። እኔም የመሰለኝ እሱ ነው። መንግሥት ያለ ነገር ክራር አይቆጥርም።

ቅጹን ይዞ ከቤት ቤት የሚዞር ሰው ሲፈለግ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ዘለቀ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ደምሴ ይሁን።»

«ለምን እኔ?» አልኩ።

«መጻፍ ችለሃል። ደግሞ ከማንም ጋር አትስማማም፤ ከማንም ጋር አትሞዳሞድም።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን ልቤ ሞቀ። አርባ ዓመት በአውራ ጣት የኖረ ሰው «መጻፍ ችለሃል» ሲባል በአደባባይ፣ ምን እንደሚሰማው የተማረ ሰው አይገባውም።

መስፍን ስልሳ ወረቀት ቆጥሮ አስረከበኝ። እያንዳንዱ ተራ ቁጥርና ማኅተም አለው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ መጥቼ እረከባለሁ፤ ሦስት ነገር አደራ። ወረቀት እንዳይጠፋ፤ እያንዳንዱ ተመዝግቧል። ስርዝ ድልዝ እንዳይኖር። ሦስተኛው፣ ስም አይጻፍም። ቁጥር ብቻ። ሰው ስሙ ከተጻፈ እውነቱን አይናገርም።»

«እሺ» አልኩት።

እሺ አልኩት እንጂ አላመንኩትም። ስም የሌለው ወረቀት ምን ወረቀት ነው? ነገ ይሄ መነጽራም «አንተ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለህ ከልብህ ፈጥረህ የሞላኸው ነው» ቢለኝ ምስክሬ ማን ነው? ከእያንዳንዱ ቤት በወጣሁ ቁጥር ድንጋይ ላይ ቁጭ እልና በወረቀቱ የላይኛው ጥግ ላይ፣ በቢክ፣ አሳምሬ፣ የባለቤቱን ስም እስከ አባቱ እጽፍ ጀመር። ለባለቤቶቹ አላሳየሁም። «ስም አይጻፍም» እያልኩ ነው የጠየቅኳቸው። በአንድ በኩል የታደለች ሕግ አለ፣ በሌላ በኩል ጥርጣሬዬ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ጥጉን ሞሉት።

መጀመሪያ የገባሁት ኦቦ ቱፋ ቤት ነው። ኦቦ ቱፋ ሀና ማርያም አጠገብ ከጥንት ጀምሮ የሚያርሱ፣ ከተማው እየገፋ የደረሰባቸው አዛውንት ናቸው። ቅጹን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ልትቆጥር መጣህ?»

«ዘፈን።»

«ዘፈን የለኝም።»

«እንዴት የለዎትም ኦቦ ቱፋ? ለልጅዎ ሠርግ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍኑ አልነበረም?»

«ነበረኝ። አለቀ።» ጣታቸውን ወደ እርሻው ዘረጉ። «አቦ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። መጀመሪያ ላም ቆጠሩ። ቀጥለው መሬት ቆጠሩ። ልጆች ቆጠሩና አንዱን ወደ ጦር ወሰዱት። አሁን ዘፈን ቆጥረው ምኑን ሊወስዱ ነው? ዜሮ ብለህ ጻፍ።»

ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። የሁሉም እንዲያ ነው። ተራ አምስት «በቤቱ ያለ የሙዚቃ መሣሪያ» ይላል፤ ባዶውን ተውኩት። ተራ ሰባት «በሳምንት በቤቱ ተሰብስቦ የሚያዜም ሰው ብዛት» ይላል፤ ዜሮ። ግድግዳው ላይ ክራር ተሰቅሎ እያየሁት «የለም» የሚለኝ ሰው አጋጥሞኛል። አንዷ «የጎረቤት ነው» አለችኝ። ጎረቤቷ ጋ ስገባ እዚያም አንድ ማሲንቆ ተሰቅሏል፤ «የእሷ ነው» አለኝ። ሁሉም ዋሸኝ። ያልዋሸችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ታደለች ቤት የገባሁት በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ነው። አኮርዲዮኑ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ተራ ሰባትን አነበብኩላት።

«ስም አይጻፍም ነው ያሉት ጋሽ ደምሴ?»

«አይጻፍም።»

«እንግዲያው መዋሸት አልችልም። ቁጥሩ አገር ይጠቅማል ከተባለ እኔ የማስተምረውም ለዚህ አይደል? አሥራ ስምንት ይበሉ። መሣሪያ፣ አንድ አኮርዲዮን።»

18 ብዬ ጻፍኩ፣ አኮርዲዮን ደግሞ 1። እጄን እያየች «ስምንትዎ ትንሽ ታጋድላለች» አለችኝና ሳቀች። ወጥቼ ከአጥሯ ማዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጥጉ ላይ ስሟን ጻፍኩ። እስከ አባቷ። ከሁሉም አሳምሬ የጻፍኩት የሷን ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በቀበሌው በር ሳልፍ ጓድ ዘለቀ ጠራኝ።

«ቆጠራው እንዴት ነው?»

«ስድስት ቤት ቀርቶኛል።»

እጁን ዘርግቶ ከክምሩ የላይኛውን ወረቀት አነሳ። የኦቦ ቱፋ ነው። ጥጉን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ስም ጽፈሃል እንዴ!»

«እ... ለምስክር ብዬ ነው ጓድ።»

«አንተ!» ትከሻዬን መታኝ። «ንቃት ማለት ይሄ ነው። ያ መነጽራም ስም አይጻፍም ብሎ ደነቆረ። ስማ፣ እኔ የክራሩ ጉዳይ አያገባኝም። የምፈልገው ተራ ሰባትን ነው። ማን ቤት ስንት ሰው እየተሰበሰበ እንደሚዘምር። እነዚህ ጴንጤዎች በዚህ ቀበሌ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ቤቱን ነው ያጣሁት። የቀረህን ጨርስና ነገ በአራት ሰዓት፣ ባለሙያው ሳይመጣ፣ ሁሉንም ይዘህልኝ ና።»

ወረቀቱን መልሶ ክምሩ ላይ አኖረው። ሄደ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ካለፈው ወር ወዲህ ከጎፋ በኩል ቤት ውስጥ ሲዘምሩ ተይዘው የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። አልተመለሱም፤ የት እንዳሉ የሚጠይቅም አልነበረም። ክንዴ ሥር ያለው ወረቀት ከበደኝ። ስልሳ ወረቀት ምን ይከብዳል? ድንጋይ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ። ከበደኝ ግን።

እግሬ ወደ ታደለች ቤት ወሰደኝ። ልነግራት ነበር የሄድኩት። ይህን እግዜር ያውቃል። በሩ ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

«ምነው ጋሽ ደምሴ፣ የረሱት ጥያቄ አለ?»

«የለም... ዝም ብዬ ነው። ሳልፍ።»

አየችኝ። አስተማሪ ተማሪው እንዳላጠና የሚያይበት አስተያየት አለ።

«ወረቀቱ ላይ ስም አልጻፉም አይደል?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ሕይወቴ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ነው። «ጽፌአለሁ፣ ተነሺ፣ ሂጂ» ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል እንኳ አይሞላም። ግን አፈርኩ። መጻፍ ያስተማረችኝን ሴት በመጀመሪያው ጽሕፈቴ አሳልፌ እንደሰጠኋት ልነግራት አፈርኩ። ደግሞም በውስጤ «ነገሩን እኔው አስተካክለዋለሁ» የሚል የወንድ ትዕቢት ነበር።

«አልጻፍኩም» አልኳት።

ዓይኗ ከፊቴ ወረደ፣ ክንዴ ጋ ደረሰ፣ እዚያ ጥቂት ቆየ፣ ተመልሶ ፊቴ ላይ አረፈ።

«ፊደልዎ አምሯል፣ ጋሽ ደምሴ» አለችኝ። «በጣም አምሯል።»

ደስ አለኝ! እንዲያ ያለ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ደስ አለኝ። አመስግኜ ሄድኩ።

የቀሩኝን ስድስት ቤቶች ያን ማታ ጨርሼ፣ ሐሙስ ማለዳ ጀምሬ ካባው ውስጥ፣ ከተጠረበ ድንጋይ ላይ፣ ስልሳውን ወረቀት ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። የሷን ወረቀት ባጠፋው ተራ ቁጥሩ ይጎድላል፤ ያኔ ደግሞ «አሻጥር» ይባልና ቤቷም እኔም እንታወቃለን። 18ን ልሰርዘው? ስርዝ ድልዝ ተከልክሏል፣ ቢክ ደግሞ አይጠፋም። ስሟን ላጥፋው? የስልሳ ሰው ስም ተጽፎ የአንዷ ሲጠቆር ምን ይባላል? ድንጋዩን እንደማገላብጥ ነገሩን አገላበጥኩት። የቱም ፊት አልስተካከል አለ።

በመጨረሻ የኦቦ ቱፋን ዜሮ አየሁ። ሳጥኑ ሰፊ ነው፤ ዜሮዋ መሐል ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። ከፊቷ ቦታ አለ።

ከዜሮዋ ፊት አንድ ጻፍኩ። አሥር ሆነች።

ሌላ ወረቀት አነሳሁ፤ ከዜሮው ፊት ሁለት ጻፍኩ። ሃያ። ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ አንዳንዱን እንዳይጠረጠር ተውኩት። ተራ አምስት ባዶ ስለነበረ ክራር አከልኩ፣ ከበሮ አከልኩ፣ ለሰባት ስምንት ቤት ደግሞ አኮርዲዮን። ማን ቤት አኮርዲዮን ሊኖር እንደሚችል አልመረጥኩም፤ እጄ ላይ የገባው ወረቀት ነው። ሁሉም ሰው ከዘፈነ እሷን ማን ይለያታል? ስጨርስ ፀሐይ ወጥታ ትከሻዬን ታቃጥለኝ ነበር። በቀበሌያችን የሚያዜመው ሰው ከነዋሪው ሳይበልጥ አልቀረም። አልደመርኩትም። መደመር ገና አልተማርኩም ነበር።

በአራት ሰዓት ጓድ ዘለቀ ፊት ቆምኩ። ወረቀቱን አንድ በአንድ እያገላበጠ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ያዜማል?»

«ጠይቄ የጻፍኩት ነው ጓድ።»

«ሃያ... አሥር... ሃያ... እዚህ አሥራ ስምንት...» የሷ ነው። ጣቱ እዚያ ላይ ትንሽ የቆየ መሰለኝ። «...እዚህ ደግሞ ሃያ።» አለፈው። ከዚያ አንድ ወረቀት ከፍ አደረገ።

«ቱፋ አኮርዲዮን አለው?»

የኦቦ ቱፋን ወረቀት ነበር የያዘው። በዚያች ደቂቃ ራሴን ረገምኩ።

«አ... አለው።»

«ያ በሬ ጠማጅ?» ወደ በሩ ጮኸ። «ቱፋን ጥሩልኝ!»

ኦቦ ቱፋ እስኪመጡ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ግን ዓመት ነው የቆምኩት። ከገቡ በኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔን አላዩኝም።

«ቱፋ» አለ ዘለቀ፣ «አኮርዲዮን አለህ?»

አዛውንቱ አኮርዲዮን ምን እንደሆነ ማወቃቸውን ዛሬም እጠራጠራለሁ። ዓይናቸው ግን ዘለቀ እጅ ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደ። ሲያስቡ አየኋቸው። የለኝም ቢሉ ወረቀቱ አለህ ይላል፤ ደብቀሃል ይባላሉ። አለኝ ቢሉ አምጣ ይባላሉ።

«ነበረኝ ጌታዬ» አሉ ቀስ ብለው። «ላም ረገጠችው።»

«ላም?»

«አዎ። ቀይዋ።»

«በሳምንትስ አሥር ሰው ይሰበሰብልሃል?»

«እንደ ዘመዱ ነው። አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ይጣላል።»

ዘለቀ ተነሳ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ፊቴን በፊቱ ሊነካኝ ምንም አልቀረው።

«ደምሴ፣ አንተ እያሾፍክብኝ ነው።»

አፌን ልከፍት ስል በሩ ተንኳኳ። መስፍን ነው፣ ከሰዓቱ ቀድሞ የደረሰ። ሰላም ብሎን ወረቀቶቹን ከጠረጴዛው ሰበሰበ፣ ቁጭ ብሎ ተራ ሰባትን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠርጎ መልሶ አደረገ።

«ጓድ ዘለቀ» አለ፣ ድምፁ ራሱ ተለውጦ፣ «እስከ ዛሬ ከዞርኩባቸው ቀበሌዎች እንዲህ ያለ አመልካች አላየሁም። ይህን ያህል የባህል ተሳትፎ! ምን ሠርታችሁ ነው?»

ዘለቀ እኔን አየ፣ መስፍንን አየ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲገለበጥ አየሁት። ይሄ ቁጥር የሱ ሹመት ሊሆን ይችላል።

«እንግዲህ» አለ ቀና ብሎ፣ «የማንቃት ሥራ ነው የሠራነው።»

ኦቦ ቱፋ ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

መስፍን ጥጉን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ስም ለምን ጻፉ? አደራ አላልኩም?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ከቦርሳው መቀስ አወጣ። ወረቀቶቹን አስተካክሎ ደረደረ፣ ጥጉን ያዘና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ አሥር አሥሩን እያደረገ ቆረጠው። ስልሳ ስም መሬት ላይ ወደቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጠራርጎ ቅርጫት ውስጥ ጣለና ክብሪት ለኮሰበት። ዘለቀ አጠገቡ ቆሞ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ፈገግ ይል ነበር። ለተመሰገነበት ቁጥር ስም አያስፈልገውም።

ወረቀት ይቆረጣል! እኔ ካባው ውስጥ ያን ሁሉ ሰዓት ስማስን ለአንዲት አፍታ እንኳ አላሰብኩትም። ከልጅነቱ ከወረቀት ጋር ያደገ ሰው ወረቀትን ይቀድዳል፣ ይጥላል፣ እንጀራ ይጠቀልልበታል። ለኔ ግን ወረቀት ታቦት ነበር። ማኅተም ያለበትን ወረቀት መቅደድ የሚባል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ረቡዕ ከሰዓት ከዘለቀ ስለይ የሁሉንም ጥግ ቆርጬ «ባለሙያው ስም አይጻፍ ስላለ አስተካከልኩ» ብል ቢበዛ በጥፊ ይመታኝ ነበር።

ከቀበሌው ወጥቼ ሮጥኩ። ልነግራት፣ አሁን ደህና ነው ልላት። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ላይ ትናንት ያሰጣችው ልብስ የለም። ጎረቤቷ አጥሩ ላይ ሆና አየችኝ፣ አስተያየቷም መልካም አልነበረም።

«የት ሄዱ?»

«ምን አገባህ?»

«እባክሽ፣ የምነግራት ነገር አለኝ።»

«ትናንት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው ዕቃቸውን ማሰር የጀመሩት። ጎህ ሲቀድ ወጡ፣ ወደ አገራቸው። እኔ አላውቅም፣ አትጠይቀኝ።»

እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው የገባኝ። ረቡዕ ከሰዓት ዘለቀ የኦቦ ቱፋን ወረቀት መልሶ ከክምሩ ላይ አኑሮት ነበር። በኔ ክንድ ሥር፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ጥጉ ላይ «ቱፋ» የሚል የኔ ፊደል እየታየ ነው ፊቷ የቆምኩት። ፊደሌን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስትጠይቀኝ መልሱን እያነበበች ነበር። «አልጻፍኩም» ስላት ዓይኗ ክንዴ ላይ ነበር። «ፊደልዎ አምሯል» ያለችኝም ይህንኑ ነው። እኔ ለሙገሳ ወሰድኩት።

ከስድስት ወር በኋላ ከላይ አንድ ሳጥን መጣልን። የባህል ዕቅዱ ደርሶ፣ ቀበሌያችን በአመልካቹ ስለላቀ መሣሪያ ተመድቦለታል ተባለ። ሳጥኑን እኔ ነኝ በመሮ የከፈትኩት። አኮርዲዮን ነው። አዲስ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ሰው ሁሉ ከበበው። ዘለቀ «ማን ይጫወተዋል?» አለ። በወረቀቱ መሠረት በቀበሌው ሰባት ስምንት ሰው ነበር። ማንም አልወጣም። የሚችል ሰው የነበረው አንድ ቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱም ተቆልፏል። ሳጥኑ ተመልሶ ተዘጋ፣ መጋዘን ገባ፣ ቆዳውን አይጥ በላው።

ከመሣሪያው ጋር ትእዛዝም መጥቶ ነበር። ይህን ያህል የሚያዜም ሕዝብ ያለበት ቀበሌ በየእሁዱ የኪነት ቡድን ያሰልፍ የሚል። ስሙ ተቃጥሎ ስለነበር ድምሩ ለየቤቱ ተከፋፍሎ ሰው እንዲያዋጣ ተደረገ። የኦቦ ቱፋን አሥር ግን ዘለቀ አልረሳትምና አሥር ሰው አምጡ ተባሉ፤ ሦስት ነበሩ በቤታቸው፣ ሚስታቸውን ጨምሮ። በዝናብ በፀሐይ አደባባይ ቆመው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሲያዩኝ ይጠሩኝ ነበር።

«ደምሴ! ና እንጂ ስማኝ! ያንተ አንድ ናት የምታዘፍነኝ!»

«ይቅር ይበሉኝ ኦቦ።»

«ይቅርታውንም ቁጠረውና ጻፈው!»

ይስቁ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ግን ቤታቸው አላስገቡኝም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ማዘን ብትፈልግ ለታደለች እዘን፤ ቤቷን፣ ተማሪዎቿን ጥላ ሄደች። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ወላይታ ሄጃለሁ። ባሏ ክር ፋብሪካ የሚሠራ፣ አኮርዲዮን የምትጫወት ሴት እያልኩ ጠይቄአለሁ። አንዱ ሽማግሌ «ለምን ፈለግካት?» ብሎ በጥርጣሬ አየኝ። በዓይኑ ውስጥ ራሴን አየሁ።

አዳንኳት ልል አልችልም። ስሟ ሲቃጠል እሷ መንገድ ላይ ነበረች፤ ራሷን ያዳነችው ራሷ ናት፣ ያዳናትም ማንበቧ ነው። አሳልፌ ሰጠኋት ልል ደግሞ አልፈልግም። እሷ ግን እንዲያ ብላ ነው የሄደችው፣ ዛሬም በሕይወት ካለች እንዲያ ብላ ነው የምታስበኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ፣ ጥያቄው ቢያሳፍረኝም፣ መልሱ ቢያስመታኝም፣ እውነቱን እናገራለሁ። ለዚህም ነው ጓደኛ የሌለኝ። ልጄ «አባዬ አፍህ ይጎረብጣል» ትላለች። ይጎርብጥ።

አሁንም አልፎ አልፎ ወረቀት ይዞ ደጄን የሚያንኳኳ ወጣት ይመጣል። ስንት ክፍል አለዎት፣ ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ስንት መጽሐፍ አነበቡ። አስገባዋለሁ። ወንበር እሰጠዋለሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን «ወረቀቱን አዙረህ አሳየኝ» እለዋለሁ። ጥጉን አያለሁ። ባዶ ቢሆንም እንኳ ከኪሴ የማትለየኝን ትንሽ መቀስ አወጣና ጥጉን እቆርጠዋለሁ።

ልጆቹ ያበደ ሽማግሌ ነው ይሉኛል። ይበሉኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን ሁሉ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።